ከጋሞ እስከ ማግኔቱ፦ ወገቡን ያመመው ሰው መቼ ኤምአርአይ ይነሳ?

በጋሞ ደጋ፣ ዶርዜ ላይ ሸማኔ ሲሠራ ያየ እንግዳ ሥራው የእጅ ብቻ ይመስለዋል። ዓይኑ የሚከተለው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚበረውን መወርወሪያ ነው። ትንሽ ቆም ብሎ ለተመለከተ ግን ከባዱን ሥራ የያዘው ወገብ ነው። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ አውርዷል፤ ከታች ያለውን መርገጫ ተራ በተራ ይረግጣል። ደረቱን ወደ ድሩ አስጠግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ማጉን ይመታል። ጀርባው መደገፊያ የለውም። በዓል ሲቃረብና ትእዛዝ ሲበዛ ከንጋት እስከ ምሽት እንደዚሁ ነው።

የስዊድኑ የአጥንት ሐኪም አልፍ ናከምሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሰዎች የወገብ ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብተው ግፊቱን ለክተው ነበር። ጎንበስ ብሎ የተቀመጠ ሰው ዲስክ፣ ቆሞ ካለ ሰው ዲስክ የበለጠ ጫና እንደሚያርፍበት አገኙ። የዶርዜ ሸማኔ ዕድሜውን የሚያሳልፈው በዚያ አቀማመጥ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ከጉድጓዱ ሲነሳ ወገቡ አልቃና ይለዋል። ሕመሙ ከመቀመጫው ተነስቶ በጭኑ ኋላ እየወረደ እስከ እግሩ ጣት ይነዝረዋል። መጀመሪያ በቅቤ ይታሻል፤ ቀጥሎ ወጌሻ ይጠራል፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማስታገሻ ይወስዳል። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሳይሻለው ሲቀር ጎረቤቱም፣ የገበያ ባልንጀራውም፣ ከአዲስ አበባ የሚደውልለት ወንድሙም አንድ ዓይነት ምክር ይሰጡታል፦ «ዲስክ ይሆናል፤ ሳይብስብህ ኤምአርአይ ተነሳ።»

ምክሩ ከቅንነት የመጣ ነው፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ዶርዜ አጠገብ ያለችው ጨንጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነስቶ ጠመዝማዛውን መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ወርዶ አርባ ምንጭ መድረስ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ከአርባ ምንጭ ወላይታ ሶዶ 120 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ወገቡን የታመመ ሰው ሌሊት ተነስቶ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይጓዛል፤ ሕመሙን ከሁሉ ይበልጥ የሚቀሰቅሰው ደግሞ ያው መቀመጥ ነው። ዕድለኛ ከሆነ ሽሮ ሜዳ ያሉ የዶርዜ ዘመዶቹ ዘንድ ያርፋል። ካልሆነ አልጋ ይከራያል። የምርመራው ክፍያ፣ የትራንስፖርቱ፣ የአስታማሚው ወጪ ሲደመር ጥጃ ወይም በሬ የሚያሸጥ ገንዘብ ይሆናል።

ስለዚህ ጥያቄው ኤምአርአይ ጥሩ ነው አይደለም የሚል አይደለም። መሣሪያው በሕክምና ታሪክ ከታዩት ታላላቅ ነገሮች አንዱ ነው። ጥያቄው ከጋሞ ደጋም ሆነ ከቆላው ማን ወደዚያ መሄድ አለበት፣ ማንስ ገንዘቡን ይዞ ቤቱ ቢቆይ ይሻለዋል የሚል ነው። በዚህ ረገድ ሁለት ጉዳት ጎን ለጎን ሲደርስ ይታያል፦ የማያስፈልገው ሰው ጥሪቱን ሸጦ ይነሳል፤ ሳይውል ሳያድር መነሳት የሚገባው ደግሞ እግሩ ከዛለ በኋላ ይደርሳል።

ኤምአርአይ እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን ጨረር አይጠቀምም። ትልቅ ማግኔት፣ የሬዲዮ ሞገድና ኮምፒዩተር ተቀናጅተው የሚሠሩበት መሣሪያ ነው። የሰው አካል አብዛኛው ውሃ ነው፤ በውሃ ውስጥ ሃይድሮጅን አለ፤ የሃይድሮጅን እምብርት የሆነው ፕሮቶን ደግሞ ራሱ እጅግ ትንሽ ማግኔት ነው። ሕመምተኛው በመሣሪያው ዋሻ ውስጥ ሲተኛ ፕሮቶኖቹ ይሰለፋሉ። የሬዲዮ ሞገድ ሲላክባቸው ከሰልፋቸው ያዘነብላሉ፤ ሞገዱ ሲቋረጥ ወደ ቦታቸው እየተመለሱ ምልክት ይሰጣሉ። በስብ፣ በጡንቻ፣ በጅማትና በፈሳሽ ውስጥ ያሉት የሚመለሱበት ፍጥነት ይለያያል። ኮምፒዩተሩ ያንን ልዩነት ወደ ምስል ይለውጠዋል።

በብዙ ሆስፒታሎች የሚገኘው መሣሪያ የማግኔት ጉልበት 1.5 ቴስላ ነው። ይህ አሃዝ በእኛ አገር የተለየ ትርጉም አለው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። በዚህ መስመር አካባቢ የምድር መግነጢስ ደካማ በመሆኑ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተተከለ ባለ 1.5 ቴስላ ማግኔት ኮምፓስ ከሚያንቀሳቅሰው የምድር ኃይል ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ ይበረታል። የሚጠቀምበት የሬዲዮ ሞገድ 64 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ነው፤ ከኤፍኤም ጣቢያዎች ሞገድ ጥቂት ዝቅ ይላል። የመሣሪያው ክፍል በመዳብ የሚለበደውም የውጭ ሞገድ ገብቶ ምስሉን እንዳያበላሽ ነው።

አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር በዚህ መንገድ ምስል መሥራት እንደሚቻል ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ዘዴውን አፋጠኑት፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሐኪሙ ሬይመንድ ዳማዲያን ደግሞ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1977 የመጀመሪያውን የሕያው ሰው የደረት ምስል አነሱ፤ ያ አንድ ምስል አምስት ሰዓት ገደማ ፈጅቷል። ዛሬ የወገብ ምርመራ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል።

እነዚያ ደቂቃዎች ግን ላልተዘጋጀ ሰው ረጅም ናቸው። ዋሻው ጠባብ ነው፤ ድምፁ በብረት ላይ ደጋግሞ እንደሚወርድ መዶሻ ይጮኻል፤ መንቀሳቀስ አይፈቀድም። ስለዚህ ባለሙያው ጆሮ መድፈኛ ይሰጣል፤ ሲጨንቅ የሚጫኑትን ደወል እጅ ላይ ያስይዛል። ከመግባት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ደግሞ እንደዋዛ የሚመለስ አይደለም። የአንገት መስቀልና ሀብል፣ ቀለበት፣ ሰዓት፣ የፀጉር ጌጥ ሁሉ ይወልቃል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት፣ አጥንቱ ውስጥ ብረት ወይም ብሎን ያለው አስቀድሞ መናገር አለበት። በአገራችን ደግሞ ጥይት ወይም ፍንጣሪ በሰውነቱ ይዞ የሚኖር ሰው ጥቂት አይደለም፤ በተለይ ዓይኑ አካባቢ ፍንጣሪ የቀረበት ሰው ይህን ከደበቀ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

ማግኔቱ ሁልጊዜ እየሠራ ነው፤ መሣሪያው ባዶ ሆኖ ሲታይም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒው ዮርክ ግዛት አንድ የ6 ዓመት ልጅ በምርመራ ላይ ሳለ ወደ ክፍሉ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር ተስቦ መትቶት ሞተ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 እዚያው ግዛት አንገቱ ላይ 9 ኪሎ ያህል የሚመዝን ሰንሰለት ያደረገ ሰው ወደ ክፍሉ ገብቶ ማግኔቱ ስቦት ሕይወቱ አልፏል። አስታማሚ ሆኖ የሚሄድም ሰው ሳይጠራ ወደ ክፍሉ መግባት የለበትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሕመምተኛው ፊልሙን በትልቅ ፖስታ ይቀበላል። አውቶቡስ ላይ እንዳይታጠፍ ብብቱ ሥር ይዞት ይመለሳል። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቤት ውስጥ ትምህርት የዘለቀው ልጅ ያነበዋል። «አራተኛውና አምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ አብጧል፤ ደርቋል» የሚል ነገር ይወጣል። ቤተሰቡ ይደነግጣል። ሸማኔውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀርባው የተሰበረ ይመስለዋል፤ ጎንበስ ማለት ይፈራል፤ ሥራውን ይተዋል።

በሪፖርቱ ላይ የተጻፈው ትክክል ሊሆን ይችላል። የሕመሙ ምክንያት ስለመሆኑ ግን ማረጋገጫ አይደለም። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል 23 ዲስኮች አሉ። የእያንዳንዱ መሐል ውሃ ያዘለ ለስላሳ ነገር ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ የተደራረቡ ክሮች ያቅፉታል፤ የአንዱ ድርብ ክር ወደ ግራ፣ የሚቀጥለው ወደ ቀኝ እያጋደለ እንደ ድርና ማግ ይሻገራል። ዕድሜ ሲገፋ ውሃው ይቀንሳል፤ ምስሉ ላይ ዲስኩ ይጠቁራል፤ ክሩ ይላላና ወደ ውጭ ይገፋል። ይህ ምንም በማያመው ሰው ላይም ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ወገባቸውን የማያማቸውን 98 ሰዎች ኤምአርአይ አንስቶ ነበር። 52 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ተገኘባቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 33 ጥናቶች ተሰብስበው ሕመም የሌለባቸው 3110 ሰዎች ውጤት ሲታይ፣ የዲስክ ማርጀት በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት 96 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመው እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ነው። አንዲት የ63 ዓመት ሴት በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥር የተለያዩ ማዕከላት ኤምአርአይ ተነሱ። በአሥሩ ሪፖርቶች 49 የተለያዩ ግኝቶች ተጻፉ፤ በአሥሩም ላይ የተደገመ አንድም ግኝት አልነበረም።

መሣሪያው አይዋሽም። ሕመምን ግን አያነሳም፤ የሚያነሳው የአካልን ቅርጽ ነው። ያ ቅርጽ ትርጉም የሚያገኘው የሕመምተኛውን ታሪክ የሰማና አካሉን በእጁ የፈተሸ ሐኪም ሲያየው ነው።

ያ ፍተሻ ማግኔት አይፈልግም። ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ የምርመራ አልጋ ይበቃል። «አባባ፣ በጀርባዎ ይተኙ» ይላል ባለሙያው። ከዚያ የሚያመውን እግር ጉልበቱ ሳይታጠፍ ቀስ ብሎ ያነሳል። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መካከል ሕመሙ ከጉልበት በታች ከነዘረ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ በተረከዝ፣ ከዚያ በጣት ቆመው እንዲራመዱ ይጠይቃል። በተረከዙ መቆም ያቃተው ሰውና በጣቱ መቆም ያቃተው ሰው የተነካባቸው ነርቭ የተለያየ ነው። የእግር አውራ ጣትን ወደ ላይ ያስገፋል፤ በጣቱ ይጫናል፤ ጉልበቱን ይመዝናል። የአከርካሪውን ጉብታዎች አንድ በአንድ እየተጫነ ይወርዳል፤ አንዷ ላይ ብቻ ለይቶ የሚያምበት ቦታ ካለ ልብ ይላል። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ወረፋ በበዛበት ተመላላሽ ክፍል አሥር ደቂቃ ማግኘት ከባድ ቢሆንም፣ አሥር ደቂቃ ያልተሰጠው ሕመምተኛ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ሊጓዝ ይችላል።

ፍተሻው ጉልበት ያለው፣ ሽንቱን በወጉ የሚሸና፣ ትኩሳት የሌለው፣ ያልከሳ ሰው መሆኑን ካሳየ አብዛኛውን ጊዜ ምስል አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2009 ላንሴት ላይ የወጣ ትንተና ከ1800 በላይ ሕመምተኞች የተሳተፉባቸውን ስድስት ጥናቶች አንድ ላይ አይቶ፣ አደገኛ ምልክት ሳይኖር ወዲያው ምስል የተነሱት ካልተነሱት የተሻለ እንዳልዳኑ አረጋግጧል። ወደ ውጭ ወጥቶ ነርቭ የተጫነ ዲስክም ቢሆን ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፤ ሰውነት ራሱ እየመጠጠ ያሳንሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ስለ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ የአካል እንቅስቃሴን፣ ትምህርትና ምክርን፣ አንዳንድ የፊዚዮቴራፒ ዓይነቶችን ደግፏል። የወገብ ቀበቶን ለዘወትር ሕክምና እንዳይሰጥ መክሯል። በየፋርማሲው መስኮት የተሰቀለውን ቀበቶ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

እስካሁን የተባለው ስለሚቆየው ሰው ነው። መሄድ ያለበት ሰው ታሪክ ሌላ ነው፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ከሌሎች አገሮች ይልቅ ሊደመጥ ይገባዋል።

የአከርካሪ ቲቢ ቀስ ብሎ ይመጣል። ሰውየው ሳል ላይኖረው ይችላል። ጀርባው ያመዋል፤ ሌሊት ይብስበታል፤ ይከሳል፤ ማታ ማታ ያልበዋል። በሽታው የአከርካሪውን አጥንት ከፊት በኩል እየበላ፣ ዲስኩን እያጠፋ፣ መግል እያጠራቀመ ይሄዳል። አጥንቱ ሲደረመስ ጀርባው ላይ ሹል ጉብጠት ይወጣል፤ መግሉ ወይም የተሰበረው አጥንት ሕብለ ሰረሰርን ሲጫን እግሮቹ ይዝላሉ። የለንደኑ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በሽታውን የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1779 ነው። ኢትዮጵያ ዛሬም የቲቢ ጫና ከበዛባቸው የዓለም አገሮች ተርታ ናት፤ ከአሥር የቲቢ ሕመምተኞች ወደ ሦስት በሚጠጉት ላይ በሽታው ከሳንባ ውጭ ያለ ነው። አጥንት ውስጥ ከገባው ቲቢ ደግሞ ግማሽ ያህሉ የሚያርፈው አከርካሪ ላይ ነው።

ኤምአርአይ ምትክ የሌለው እዚህ ላይ ነው። ራጅ ለውጡን የሚያሳየው ከአጥንቱ ብዙ እጅ ከተበላ በኋላ ነው። ኤምአርአይ ግን አጥንቱ ገና ሳይፈርስ በውስጡ የተጠራቀመውን ፈሳሽና እብጠት ያያል፤ መግሉ የት እንደደረሰ፣ ሕብለ ሰረሰሩ ምን ያህል እንደተጫነ ይለያል። በጊዜ ከተደረሰበት ብዙው ሰው በመድኃኒት ብቻ ይድናል። መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ ይሰጣል፤ ለአጥንት ቲቢ በተለምዶ 12 ወር ይወሰዳል። እንዲህ ያለውን ጀርባ ማሸትና ማስገጠም ግን የተዳከመውን አጥንት ሊደረምሰው ይችላል። ወጌሻ በአካባቢው ትልቅ ክብርና አገልግሎት ያለው ሰው ነው፤ ስለዚህም ትኩሳትና መክሳት ያለበትን ጀርባ ሳይነካ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልክ ማስተማር ከጤና ባለሙያዎች የሚጠበቅ ሥራ ነው።

የዘገየ ምን እንደሚከፍል ከአዲስ አበባው ዶክተር ሪክ ሆድስ ሥራ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1984ቱ ረሃብ ጊዜ ኢትዮጵያ የመጡት እኚህ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የማዘር ቴሬዛ ቤት ጀርባቸው የጎበጠ ልጆችን ሲያክሙ ኖረዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በልጅነታቸው የአከርካሪ ቲቢ የያዛቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከጋናዊው የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ኦሄነባ ቦዋቺ-አጄይ ጋር እየሠሩ ልጆቹን ወደ አክራ ይልካሉ። እዚያ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ረጅምና ውድ ነው፤ አንዳንዱ ልጅ ከዚያ በፊት ለወራት ጭንቅላቱ በተገጠመ ቀለበት እየተሳበ ይቆያል። ቲቢ ያጎበጠው ልጅ ገና ጀርባውን ባመመው ጊዜ በሽታው ታውቆለት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም ነበር።

የጉልበት ሕመም ላይም ያው ነው፤ አንዱ ኤምአርአይ ያስፈልገዋል፣ ሌላው አያስፈልገውም። አርባ ምንጭ የኳስ ከተማ ናት፤ «አዞዎቹ» የሚባለውን አርባ ምንጭ ከተማን አይቶ ያደገ ልጅ በየሜዳው ይሮጣል። ሲዞር ጉልበቱ «ቀጭ» ብሎ በሰዓታት ውስጥ ካበጠና በኋላም እየከዳው ከሄደ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ልምድ ያለው ሐኪም ጉልበቱን በጥቂቱ አጥፎ ቅልጥሙን ወደ ፊት በመሳብ ብቻ ይህን ይጠረጥራል፤ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ኤምአርአይ ይጨመራል። ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ተሸክመው ከጨንጫ ቁልቁል ለወረዱ እናት ጉልበት ግን ቆመው የሚነሱት ራጅ ይበቃል። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 90 የሆኑ 991 ሰዎች ኤምአርአይ ሲነሱ ከሦስቱ አንዱ ላይ ሜኒስከስ የሚባለው የጉልበት ልም አጥንት መቀደድ ተገኝቷል፤ መቀደድ ከተገኘባቸው 61 በመቶው ግን ባለፈው ወር ጉልበታቸውን አላመማቸውም።

መሣሪያውን ወደ ሕዝቡ ማቅረብ አንዱ መፍትሔ ነው፤ ቀላል ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በምዕራብ አፍሪካ ከ370 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላቸው 11 አገሮች 84 ኤምአርአይ ብቻ ቆጥሯል። በጃፓን ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሰው ከ50 በላይ አለ። ጠንካራው ማግኔት የሚቀዘቅዘው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ነው፤ የማይቆራረጥ መብራት፣ የሠለጠነ የጥገና ባለሙያና ራዲዮሎጂስት ይፈልጋል። ሂሊየም የማይጠይቁ ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸው ማግኔቶችም አሉ፤ ምስላቸው ጥራቱ ቢያንስም መግልንና የተጫነ ሕብለ ሰረሰርን ለማሳየት ይበቃሉ። ወጪውም ሌላ እንቅፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ውል ባላቸው ተቋማት ያሳክማል፤ በግል ማዕከል የሚነሱት ኤምአርአይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኪስ የሚከፈል ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የተመሠረተው፣ ጋሞን የያዘው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሰፊ ሕዝብ አለው፤ በአከርካሪ ቲቢ ለተጠረጠረ ድሃ ሕመምተኛ የኤምአርአይ ወጪን የሚሸፍን አሠራር ቢዘረጋ የሚድነው እግር ብዙ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ወገብዎን ካመመዎ መጀመሪያ ልብስዎን አስወልቆ፣ እግርዎን አንስቶ የሚፈትሽዎ ባለሙያ ይፈልጉ፤ ምስል ከታዘዘልዎም ምን ፈልገው እንዳዘዙት ይጠይቁ። ትኩሳት፣ መክሳት ወይም የሌሊት ላብ ያለው የጀርባ ሕመም፣ ከዛፍ ወይም ከሞተር ሳይክል ወድቆ የመጣ፣ ካንሰር በነበረበት ሰው ላይ የተነሳ ሕመም ሳይውል ሳያድር ይታይ። እግሩ እየዛለ የሄደ፣ መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘ፣ ሽንቱ የታገደበት ወይም የሚያመልጠው ሰው ቤታችሁ ካለ ግን ወረፋም ገበያም አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል አድርሱት።